የሟሟ ጋዝ ማግማን እንዴት ያነሳል፣ መቼስ ያፈነዳዋል?

የቀረበው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «እሳተ ገሞራ የሚፈነዳበትን ምክንያት የሚያስረዱ ጽሑፎች በአብዛኛው ተንጦ የተከፈተ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስን ይጠቅሳሉ። ማግማ የሚፈነዳው ጋዝ ስላለበት ከሆነ ግን አንዱና ያው ተራራ አንድ ጊዜ አመድ ወደ ሰማይ ሲተፋ ሌላ ጊዜ በጸጥታ ላቫ የሚያፈሰው ለምንድን ነው? ማግማውን ከጥልቅ ወደ ላይ የሚያነሳውስ ጋዙ ራሱ ነውን? ጋዙን በመለካትስ ፍንዳታን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን?»

ሦስቱ ጥያቄዎች በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚገናኙ አንድ ላይ እመልሳቸዋለሁ። ማግማ፣ ማለትም ከምድር ሥር ያለው ቅልጥ ዐለት፣ ይፈነዳል ወይስ ይፈሳል የሚለው ከጥልቅ ይዞት በተነሳው የጋዝ መጠን ብቻ አይወሰንም። ወሳኙ ነገር ጋዙ ከቅልጡ ዐለት ተለይቶ ለማምለጥ የሚያስፈልገው ጊዜ ማግማው ገጸ ምድር ለመድረስ ከሚፈጅበት ጊዜ ያጥራል ወይስ ይረዝማል የሚለው ነው። ጋዙ ቀድሞ ካመለጠ ላቫ ይፈሳል፤ ማግማው ጋዙን እንደያዘ ከደረሰ ይፈነዳል። የጠርሙሱ ምሳሌ ከዚህ ሂደት የመጀመሪያውን እርምጃ፣ ማለትም ግፊት ሲቀንስ የሟሟ ጋዝ አረፋ ሆኖ እንደሚወጣ፣ በትክክል ያሳያል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አያሳይም፤ ለስላሳ መጠጥ ጋዙን ቢያጣም ያው ቀጭን ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል፣ ማግማ ግን ጋዙን ባጣ ቁጥር የራሱ ባሕርይ ይለወጣል። የጥያቄው ዋና መልስ ያለው በዚህ ለውጥ ውስጥ ነው።

በማግማ ውስጥ ከሚሟሟት ጋዞች መካከል በመጠን ቀዳሚው ውሃ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከተላል፤ ከዚያም የሰልፈር ውህዶች፣ ክሎሪንና ፍሎሪን ይመጣሉ። መጠናቸው ማግማው እንደተፈጠረበት ቦታ ይለያያል። በውቅያኖስ ወለል ላይ የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች በሚላቀቁባቸው ሸንተረሮች የሚወጣው ባሳልት፣ ማለትም በአብዛኛው ቀጭን ሆኖ በቀላሉ የሚፈስ ማግማ፣ በክብደት ከ0.5 በመቶ ያነሰ ውሃ ይይዛል፤ የሃዋይ ባሳልትም በአብዛኛው 1 በመቶ አይሞላም። አንዱ ሰሌዳ ከሌላው ሥር በሚሰምጥባቸው አካባቢዎች ግን የሚሰምጠው ሰሌዳ በማዕድናቱ ውስጥ ይዞት የወረደውን ውሃ በጥልቀት ስለሚለቅ፣ እዚያ የሚፈጠረው ማግማ ከ2 እስከ 6 በመቶ ውሃ ሊይዝ ይችላል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ዙሪያ የተደረደሩት እሳተ ገሞራዎች ለፍንዳታ የሚያደሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እነዚህን መጠኖች የምናውቀው ክሪስታሎች በማግማው ውስጥ ሲያድጉ በውስጣቸው ከዘጉባቸው ጥቃቅን የቅልጥ ጠብታዎች ነው። ኳርትዝ ወይም ኦሊቪን የተባለ ክሪስታል ከፍንዳታው በኋላ ተሰብስቦ ሲመረመር፣ ጠብታዋ ወደ መስታወትነት ተለውጣ ነገር ግን የጥልቁን ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደያዘች ትገኛለች። ከዙሪያዋ ያለው ቅልጥ ጋዙን ሁሉ ሲያጣ እርሷ በክሪስታሉ ተጠብቃ በመቆየቷ፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉን ማስረጃዎች ሁሉ ለእኔ እጅግ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ መሟሟቱ እንሂድ። ውሃ በሲሊካማ ቅልጥ (ሲሊካ የሲሊኮንና የኦክስጅን ውህድ ነው) ውስጥ የሚሟሟው ከሲሊኮንና ከኦክስጅን መዋቅር ጋር ተጋጭቶ፣ የኦክስጅኑን ድልድይ ሰብሮ፣ ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) በመሆን ነው። አንድ የውሃ ሞለኪውል ሁለት ሃይድሮክሲሎችን ስለሚፈጥር የሚሟሟው መጠን በአነስተኛና በመካከለኛ ግፊት ከግፊቱ ካሬ ሥር ጋር አብሮ ይሄዳል። በቁጥር ብናየው፣ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ግፊቱ 200 ሜጋፓስካል (ከከባቢ አየር ግፊት 2,000 እጥፍ ገደማ) በሆነበት፣ ራዮላይት የተባለው በሲሊካ የበለጸገ ማግማ ወደ 6 በመቶ ውሃ ይሸከማል። 2 ኪሎ ሜትር ላይ ግፊቱ ወደ ሩብ፣ ማለትም ወደ 50 ሜጋፓስካል ሲወርድ፣ የመሸከም አቅሙ ወደ ግማሽ፣ ወደ 3 በመቶ ብቻ ይቀንሳል። ገጸ ምድር ላይ ደግሞ የሚቀረው 0.1 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ማለት ማግማው ከመንገዱ ሦስት አራተኛውን ተጉዞ ገና ግማሹን ውሃ በውስጡ ይዟል፤ ቀሪውን ግማሽ በመጨረሻዎቹ 2 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ መልቀቅ አለበት። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁኔታ የተለየ ነው። በዚያው በ200 ሜጋፓስካል ግፊት በራዮላይት ውስጥ የሚሟሟው መጠን ከ0.1 በመቶ ብዙም ስለማይርቅ ገና በጥልቅ ሳለ ከቅልጡ መለየት ይጀምራል። ይህ ልዩነት በኋላ ስለ ልኬት ስናነሳ ይጠቅመናል።

የመጨረሻዎቹን 2 ኪሎ ሜትሮች በቀላል ስሌት እንከተላቸው፤ ማግማው በ6 በመቶ ውሃ ጢም ብሎ ሞልቶ ከ8 ኪሎ ሜትር እንደተነሳ፣ ሙቀቱም 830 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንደሆነ፣ የተለየውም ጋዝ ሳያመልጥ አብሮ እንደሚጓዝ እናስብ። 2 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከጠቅላላ ይዘቱ 40 በመቶ ያህሉ አረፋ ሆኗል። 800 ሜትር ላይ አረፋው 70 በመቶ ይደርሳል፤ 400 ሜትር ላይ ከ80 በመቶ ያልፋል። እስከ ከባቢ አየር ግፊት ድረስ ብንቀጥል፣ 5 በመቶ ውሃ የነበረበት አንድ ሜትር ኩብ ቅልጥ ብቻውን ከ600 ሜትር ኩብ በላይ ጋዝ ያወጣል። ሁለት ነገሮች እዚህ ይደራረባሉ፤ አዲስ ጋዝ ከቅልጡ መለየቱን ይቀጥላል፣ አስቀድሞ የተለየው ጋዝም ግፊቱ በቀነሰ ቁጥር ይለጠጣል። ስለዚህ ከላይ ያለው አጭር ርቀት ከታች ካለው ረጅም ርቀት ይልቅ እጅግ ብዙ ነገር የሚከናወንበት ቦታ ነው፤ ፍንዳታን የሚወልደው ለውጥ በአመዛኙ የሚፈጸመውም በዚህ ርቀት ውስጥ ነው።

አረፋ ግን ግፊት ስለቀነሰ ብቻ ወዲያው አይፈጠርም። አዲስ አረፋ ለመወለድ በጋዝና በቅልጥ መካከል አዲስ ገጽ መፍጠር ስላለበት የገጽ ውጥረትን ማሸነፍ ይኖርበታል። በቅልጡ ውስጥ እንደ ማግኔታይት ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ካሉ አረፋው በእነርሱ ላይ ተደግፎ በትንሽ የግፊት መቀነስ ይፈጠራል። ክሪስታል የሌለበት ንጹሕ ራዮላይት ግን ጋዙ መውጣት ከነበረበት ነጥብ በብዙ አሥር ሜጋፓስካል አልፎ፣ ከሚችለው በላይ ተሸክሞ ወደ ላይ ሊጓዝ ይችላል። እንዲህ ዘግይቶ የሚጀምር የአረፋ መፈጠር በአንድ ጊዜና በእጅጉ በዝቶ ይመጣል። ከኃይለኛ ፍንዳታዎች የተገኘ ፓሚስ፣ ማለትም በአረፋ የተሞላ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሲመረመር በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ውስጥ በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አረፋዎች የሚታዩበት ጊዜ መኖሩ የዚህ ምስክር ነው።

ማግማውን የሚያነሳው ጋዙ ነውን ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ጥልቀቱ ይለያያል። በጥልቅ ውስጥ ዋናው አንሺ የእፍግታ ልዩነት ነው፤ ቅልጡ በዙሪያው ካለው ጠጣር ዐለት ስለሚቀል፣ በተለይም ራዮላይት ያለ አንዳች አረፋ እንኳ ከአብዛኛው የምድር ቅርፊት ዐለት ስለሚቀል፣ ወደ ላይ ይገፋል። ማግማው ከመውጣቱ በፊት በሚጠራቀምበት የከርሰ ምድር ማከማቻ ክፍል ውስጥ ከታች አዲስ ማግማ ሲጨመርም ግፊቱ ከፍ ይላል። ጋዙ በዚህ ደረጃ የሚሠራው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ማግማው በማከማቻው ውስጥ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ውሃ የሌለባቸው ማዕድናት፣ ለምሳሌ ፌልድስፓርና ኳርትዝ፣ ክሪስታል ይሆናሉ፤ ውሃውም በቀሪው ቅልጥ ውስጥ እየተጠራቀመ ሄዶ ከአቅሙ በላይ ሲሆን አረፋ ሆኖ ይለያል። ከላይ ያለው ግፊት ሳይቀንስ፣ ማግማውም ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ በመቀዝቀዝ ብቻ የሚመጣው ይህ የጋዝ መለየት የክፍሉን ግፊት አሳድጎ ጣሪያውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር ደግሞ የጋዙ ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል፤ አረፋ የተሞላው ዓምድ ከዙሪያው ዐለት እጅግ የቀለለ ስለሚሆን ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ቶሎ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስም ተጨማሪ አረፋ ይፈጠራል። በመጨረሻው ክፍል፣ ማግማው ከተሰባበረ በኋላ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ የጋዙ መለጠጥ ነው፤ ድብልቁ ከአፉ በሰከንድ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ፍጥነት የሚወረወረው በዚህ ኃይል ነው።

በማከማቻው ውስጥ አስቀድሞ የተለየ ጋዝ መኖሩ የፍንዳታውን ርዝመትም ይወስናል። አረፋ የሌለበት ቅልጥ እምብዛም ስለማይጨመቅ ትንሽ ማግማ እንደወጣ የክፍሉ ግፊት ቶሎ ይወድቃል፣ ፍንዳታውም ይቆማል። አረፋ ካለ ግን ጋዙ እየተለጠጠ የወጣውን ማግማ ቦታ ስለሚሞላ ግፊቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ብዙ ማግማም ይወጣል። በፊሊፒንስ የሚገኘው ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1991 ሲፈነዳ ወደ ከባቢ አየር የለቀቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን ይገመታል፤ በክሪስታሎቹ ውስጥ የተገኙት የቅልጥ ጠብታዎች ግን ያን ያህል ሰልፈር ሟሙቶ እንዳልነበረባቸው ያሳያሉ። አሳማኙ ማብራሪያ ሰልፈሩ ከፍንዳታው በፊት በተለየ ጋዝ ውስጥ ተከማችቶ ነበር የሚለው ነው። ያ ጋዝ የዓለምን አማካይ ሙቀት በቀጣዩ ዓመት ወደ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ አድርጓል።

ከዚህ በላይ ስለ ጋዙ ብቻ ተናገርን፤ አሁን ጋዙን ስላጣው ቅልጥ እንነጋገር። የሟሟ ውሃ የሲሊካውን ሰንሰለት ስለሚበጣጥስ ቅልጡን ያቀጥነዋል። በ800 ዲግሪ ሴልሺየስ 5 በመቶ ውሃ የያዘ ራዮላይት ውሃውን አጥቶ 0.1 በመቶ ብቻ ሲቀረው ዝልግልግነቱ (መፍሰስን የሚቋቋምበት መጠን) ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ይጨምራል። ሙቀቱ ሳይለወጥ የሚመጣ ለውጥ ነው። በዚህ ላይ ውሃ የክሪስታሎችን የመፈጠሪያ ሙቀት ዝቅ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ውሃው ሲወጣ ማግማው ሳይቀዘቅዝ ክሪስታል ማብቀል ይጀምራል፤ ክሪስታሉም ዝልግልግነቱን ይበልጥ ያባብሰዋል። እንግዲህ ማግማው ወደ ላይ ሲቀርብ ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይደርሱበታል፤ ጋዙ እንዲለጠጥ ያስገድደዋል፣ ቅልጡ ግን መለጠጥ እየተሳነው ይሄዳል።

መሰባበር የሚመጣው ከዚህ ግጭት ነው። ቀደም ሲል አረፋው ከ70 እስከ 80 በመቶ ሲደርስ በአረፋዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ስለሚሳሳ ማግማው ይበታተናል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልተጣለም፤ ነገር ግን 80 በመቶና ከዚያ በላይ አረፋ የያዘ ፓሚስ ሳይደቅቅ መገኘቱ፣ ከዚያ እጅግ ያነሰ አረፋ የነበረበት ማግማም መፈንዳቱ፣ የአረፋው መጠን ብቻውን በቂ መለኪያ እንዳልሆነ አሳይቷል። ዛሬ የምንመለከተው ፍጥነትን ነው። ዝልግልግ ቅልጥ ቀስ ብሎ ሲሳብ ይፈሳል፤ ውስጣዊ መዋቅሩ ራሱን ለማስተካከል ከሚያስፈልገው ጊዜ በፈጠነ ሁኔታ ሲሳብ ግን እንደ ጠጣር መስታወት ይሰበራል። ዝልግልግነቱ በጨመረ ቁጥር ራሱን ለማስተካከል የሚፈልገው ጊዜ ይረዝማል፤ ስለዚህ ውሃውን እያጣ በፍጥነት የሚወጣ ራዮላይት ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል። ሌላው መንገድ በአረፋዎቹ ውስጥ የታመቀው ግፊት የግድግዳዎቹን ጥንካሬ ሲያሸንፍ ነው፤ ይህን በቤተ ሙከራ አረፋ ያለበትን የጋለ ዐለት በታመቀ ጋዝ ሞልቶ ግፊቱን በድንገት በመልቀቅ ማሳየት ተችሏል። በእሳተ ገሞራ ተራራ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 1980 በአሜሪካ በሴንት ሄለንስ ታይቷል። በዚያ ቀን በማግማ ተወጥሮ ያበጠው የተራራው ሰሜናዊ ጎን በመሬት መንቀጥቀጥ ተናውጦ ሲናድ፣ በውስጡ የነበረው አረፋማ ማግማ ክዳኑን በቅጽበት አጣ፤ ወደ ጎን የተወረወረው ፍንዳታና ተከትሎ የተነሳው የአመድ ዓምድ 57 ሰዎችን ገደሉ። ለዚያ ቅጽበት አዲስ ጋዝ ከታች መምጣት አላስፈለገውም፤ አስቀድሞ የነበረው ጋዝ በድንገት ከግፊት መላቀቁ በቂ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጋዙ የሚያመልጥበት መንገድ ነው፤ የጥያቄውም እምብርት እርሱ ነው። የመጀመሪያው መንገድ አረፋው በቅልጡ ውስጥ ራሱ መንሳፈፉ ነው። የአንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አረፋ፣ ዝልግልግነቱ ከውሃ መቶ ሺህ እጥፍ በሆነ ባሳልት ውስጥ በቀን ከ100 ሜትር በላይ ይወጣል። ያው አረፋ ከዚህ ባሳልት መቶ ሺህ እጥፍ በሚዘለግግ ራዮላይት ውስጥ በዓመት ግማሽ ሜትር እንኳ አይሄድም። በባሳልት ውስጥ ትላልቆቹ አረፋዎች ትንንሾቹን እየደረሱባቸው እየተዋሃዱ፣ በመጠናቸውም ልክ እየፈጠኑ፣ ማግማውን ትተውት ይወጣሉ። በጣሊያን ስትሮምቦሊ በየጥቂት ደቂቃው የሚሰማው መጠነኛ ፍንዳታ እንዲህ ያሉ ግዙፍ አረፋዎች ከላይ ሲደርሱ የሚፈነዱበት ነው። ኤርታሌን በመሰሉ የላቫ ሐይቅ ባለባቸው ቦታዎችም ጋዙ ያለማቋረጥ ስለሚተነፍስ ትልቅ ግፊት አይታመቅም። ባሳልቱ አረፋዎቹ ከሚንሳፈፉበት ፍጥነት በላይ ፈጥኖ ከወጣ ግን ጋዙና ቅልጡ አብረው ይደርሱና የላቫ ፏፏቴ ወደ ላይ ይፈልቃል፤ በሃዋይ በኪላዌያ ኢኪ እ.ኤ.አ. በ1959 የታየው 580 ሜትር ደርሷል። ጋዙ ከ1 በመቶ ያነሰ በሆነበት ማግማ ይህን ያህል ከፍታ መድረሱ የመጠን ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ በቂ ማሳያ ነው።

በራዮላይትና በመሳሰሉት ዝልግልግ ማግማዎች አረፋው መንሳፈፍ ስለማይችል ሁለተኛው መንገድ ብቻ ይቀራል፤ አረፋዎቹ እርስ በርስ ተገናኝተው፣ ማግማው በሚወጣበት ቦይ ዳርም ቅልጡ ሲፋተግ የሚፈጠሩት ስንጥቆች ተጋጥመው፣ ጋዙ ማግማውን አልፎ የሚወጣበት መረብ ይሠራሉ። ይህ መረብ እስኪሠራና ጋዙ እስኪያልፍበት ጊዜ ይፈልጋል። ማግማው በቀስታ ከተነሳ ጋዙ በዚህ መንገድ ይወጣል፣ አረፋዎቹ ይኮማተራሉ፣ ከላይም ጥቅጥቅ ያለ የላቫ ጉልላት ያድጋል። በፍጥነት ከተነሳ መረቡ ሳይሠራ መሰባበሩ ይቀድማል። በቺሊ የሚገኘው ቻይቴን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ሲፈነዳ ራዮላይቱ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ተነስቶ ገጸ ምድር የደረሰው በ4 ሰዓት ገደማ እንደሆነ ከክሪስታሎቹ በመነሳት ተሰልቷል። ጥቂት ቆይቶ ያው ዓይነት ማግማ በዚያው ስፍራ የላቫ ጉልላት ሠራ። ከዚያ ይበልጥ የሚያስገርመው እዚያው ቺሊ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ኮርዶን ካውል ላይ የታየው ነው፤ ከአንድ አፍ አመድና ጋዝ እየተወረወረ ላቫም ለወራት ጎን ለጎን ይፈስ ነበር። ፍንዳታና ፍሰት የሁለት ልዩ ልዩ ማግማዎች ባሕርይ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

የመውጫ ፍጥነቱን ከየት እናውቃለን ቢባል አንዱ ማስረጃ ሆርንብሌንድ የተባለው ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን በመዋቅሩ ውስጥ ውሃ ስላለ በዙሪያው ያለው ቅልጥ ውሃውን ሲያጣ መረጋጋት ተስኖት ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ሌሎች ማዕድናት ይለወጣል፤ ለዚህም ቀናት ያስፈልጉታል። በሴንት ሄለንስ የግንቦት 18ቱ ፓሚስ ውስጥ ያለው ሆርንብሌንድ ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ በኋላ ቀስ እያለ በወጣው የጉልላት ላቫ ውስጥ ያለው ግን የተለወጠ ጠርዝ አለው። ምንጩ አንድ ሆኖ ፍጥነቱ መለያየቱን ድንጋዩ ራሱ ይናገራል።

ጉልላት ተሠራ ማለት ግን አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ጋዙን ያጣው የላይኛው ማግማ ክሪስታል አብዝቶ፣ ስንጥቆቹም በማዕድን ተደፍነው፣ ለታችኛው ማግማ ጠንካራ ክዳን ይሆናል። ከሥሩ ጋዝ ይታመቃል፤ ክዳኑ ሲሸነፍ ይፈነዳል፤ ከዚያ አዲስ ማግማ ወጥቶ፣ ጋዙን አጥቶ፣ እንደገና ክዳን ይሠራል። በካሪቢያን በሞንትሰራት ደሴት የሚገኘው ሱፍሪየር ሂልስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 22 እስከ ጥቅምት 21 ቀን 1997 ባለው ጊዜ 75 ጊዜ የፈነዳው እንዲህ ባለ ዑደት ሲሆን በፍንዳታዎቹ መካከል ያለው ጊዜ በአማካይ 10 ሰዓት አይሞላም ነበር።

ባሳልት ሁልጊዜ ገር ነው ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። በኒውዚላንድ ታራዌራ እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1886፣ በጣሊያን ኤትና ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ122 ዓመት ባሳልት ሆነው በራዮላይት ደረጃ በሚመደብ ኃይል ፈንድተዋል። ባሳልቱ በፍጥነት ሲወጣና ውሃውን ሲያጣ በአጭር ጊዜ ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎችን ሊያበቅል ይችላል፤ ያን ጊዜ ዝልግልግነቱ በድንገት ይጨምርና አረፋዎቹ መውጫ ያጣሉ። በተቃራኒው በጥልቅ ባሕር ወለል ላይ የሚወጣ ባሳልት ብዙውን ጊዜ የማይፈነዳው 2,500 ሜትር ውሃ በላዩ የሚያሳርፈው 25 ሜጋፓስካል ግፊት ያለውን ጥቂት ውሃ በቅልጡ ውስጥ አፍኖ ስለሚያስቀረው ነው። ከዚህ ጋር መቀላቀል የሌለበት ሌላ ዓይነት ፍንዳታም አለ፤ የከርሰ ምድር ወይም የባሕር ውሃ ከጋለ ማግማ ወይም ዐለት ጋር ተገናኝቶ በቅጽበት እንፋሎት ሲሆን የሚመጣው ነው። በጃፓን ኦንታኬ እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2014 የደረሰው የዚህ ዓይነት ነበር። እዚያ የፈነዳው ውሃ ከውጭ የመጣ እንጂ በማግማው ውስጥ የሟሟ ስላልነበር እስካሁን የገለጽኩት ስሌት አያስረዳውም።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ ጋዝን መለካት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከፍ ሲል አደጋ፣ ዝቅ ሲል ደኅንነት ብሎ የሚያነብ ሰው በሰዎች ሕይወት ላይ ይፈርዳል። በፒናቱቦ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ወር አጋማሽ በቀን 500 ቶን የነበረው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልቀት በወሩ መጨረሻ አካባቢ ከ5,000 ቶን በላይ ደረሰ፤ ይህም ማግማ ወደ ላይ እየቀረበ መሆኑን ያመለክት ነበር። ከዚያ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 280 ቶን ወረደ። ባለሙያዎቹ ይህን መቀነስ እንደ መረጋጋት አልወሰዱትም፤ የጋዙ መውጫ እየተዘጋና ግፊት እየታመቀ ሊሆን እንደሚችል ተመለከቱት። ከመሬት መንቀጥቀጡ መረጃ ጋር ተዳምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአካባቢው እንዲወጡ የተደረገው ከዋናው ፍንዳታ በፊት ነው። በኮሎምቢያ ጋሌራስ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 1993 የሆነው ግን አሳዛኝ ነው። የጋዙ ልቀት ዝቅተኛ ነበር፣ ተራራውም ጸጥ ያለ ይመስል ነበር፤ በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥና ዙሪያ ሳሉ በድንገት በመፈንዳቱ 6 ሳይንቲስቶችና 3 ጎብኚዎች ሞቱ።

ስለዚህ ከጠቅላላው የልቀት መጠን ይልቅ የጋዞቹን ንጽጽር መከታተል ብዙ ጊዜ የተሻለ መረጃ ይሰጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከጥልቅ፣ ሰልፈር ደግሞ በአመዛኙ ወደ ገጸ ምድር ቀረብ ሲል ስለሚለዩ፣ በሚወጣው ጭስ ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ድርሻ ከሰልፈር ዳይኦክሳይዱ አንጻር ከፍ ሲል ገና በጥልቅ ያለ፣ ጋዙን ያላጣ አዲስ ማግማ መምጣቱን ይጠቁማል። በኤትናና በስትሮምቦሊ ከአንዳንድ ኃይለኛ ፍንዳታዎች በፊት ይህ ለውጥ በቋሚ መሣሪያዎች ተመዝግቧል። ይህም ቢሆን ለብቻው አይበቃም፤ ከታች አዲስ ማግማ መምጣቱን ይነግረናል እንጂ ከላይ መውጫው ክፍት ይሁን የተዘጋ አይነግረንም። ያንን ለማወቅ የተራራውን ማበጥና የመሬቱን ንዝረት አብሮ ማየት ያስፈልጋል፤ የካርቦኑ ድርሻ እየጨመረ፣ ተራራው እያበጠ፣ በዚያው ጊዜ የሰልፈሩ ልቀት በድንገት ከወደቀ፣ እኔ በበኩሌ ማንም ሰው ወደዚያ ተራራ እንዳይጠጋ እመክራለሁ።